በቤት የሰፋኋቸው የሽንት ጨርቆች፦ የሰባት ወር አጠቃቀም ግምገማ

ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት ለዳይፐር ያወጣነውን ገንዘብ በደብተር አስፍሬ ስደምረው፣ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችን ሆኖ አገኘሁት። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደተወደደ የማያውቅ የለም፤ በልማድ ሁሉንም ፓምፐርስ የምንለው የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ዳይፐርም ከዚህ አላመለጠም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል፤ ከፍ ካለ በኋላም ቢሆን በቀን ከ6 እስከ 8 ዳይፐር ማስፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ በሰኔ ወር፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የሽንት ጨርቅ ራሴ ለመስፋት ወሰንኩ። እነሆ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ቀንም ሌሊትም ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፈውም በእጄ ያለፉትን ሦስት ዓይነት አሠራሮችና አምስት ዓይነት ጨርቆች እንደየባሕርያቸው ለመመዘን ነው።

ፍርዴን ከመነሻው ላስቀምጥ። ከሁሉም የበለጠው ምንም ልዩ ስፌት የሌለው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ታጥፎ የተዘመዘመው አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። በመኪና መስፋት የሚገባው፣ ጊዜና ገንዘብም ሊወጣበት የሚገባው፣ ከላይ የሚለበሰው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ብቻ ነው። እዚህ መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ተቃራኒውን ሠርቼ ከስሬያለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ያሰፋሁት በሰፈራችን ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነበር። የፋብሪካውን ዳይፐር ቅርጽ ይዤለት ሄድኩና፣ ከውጭ አቡጀዲ፣ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ፣ መሀል ላይ ደግሞ እሱ ራሱ ባቀረበው ሐሳብ ስስ ስፖንጅ ገብቶበት ዙሪያው ተዘግቶ ተሰፋ። ሥራው ሲታይ ያምራል፤ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ስፖንጅ ውሃ ቢጠጣም ሲጫኑት መልሶ የሚተፋ ነገር ስለሆነ፣ ልጅቷ በተቀመጠች ቁጥር የጠጣውን ሁሉ በእግሯ መሀል ያወርደው ነበር። የእግሩ ላስቲክም ሳይለካ በጣም ተስቦ ስለተሰፋ፣ በሦስተኛው ቀን ጭኗ ላይ ቀይ መስመር አይቼ በመቀስ በጠስኩት። ከዚህ ሁሉ የባሰው ማድረቁ ነው። በሐምሌ ወር በረንዳ ላይ የተሰጣው አንድ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ፤ ከላይ ደርቆ መሀሉ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ የመሻገት ሽታ ያዘ። እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነበረችና፣ ያንን ወፍራም ጨርቅ በሁለት እጇ ጨምቃ ጨምቃ ሲያቅታት፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለማጠብ የተሠራ አይደለም። ጨርቅ ተዘርግቶ ካልታጠበ አይጠራም» አለችኝ። ሰባት ወር ከለፋሁበት በኋላ የደረስኩበት እውነት ይኸው እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 70 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ለሁለት፣ ከዚያም እንደገና ለሁለት ሲታጠፍ 35 በ35 የሆነ ባለ አራት ድርብ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በሦስት ሲታጠፍ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ባለ 12 ድርብ ወፍራም ጨርቅ ይወጣዋል። ሕፃኗ ስትለብሰው 12 ድርብ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ግን ተዘርግቶ አንድ ድርብ ብቻ ይሆናል። ሳሙናው ይገባዋል፣ ውሃው ይወጣዋል፣ ነፋሱ ያልፍበታል። ዙሪያው የተሰፋ ዳይፐር ይህን ማድረግ አይችልም፤ ውፍረቱን ለብሶት ይታጠባል፣ ለብሶትም ይሰጣል።

ወደ ጨርቆቹ ልመለስ። አቡጀዲ ርካሽ፣ ጠንካራና በየገበያው የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን ገዝቶ በዚያው ቀን የሰፋ ሰው መጸጸቱ አይቀርም። ከመርካቶ የገዛሁትን ጥሬ አቡጀዲ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ባደርግበት፣ ጠብታው እንደ ጤዛ ክብ ሆኖ ላዩ ላይ ቆመ፤ ጨርቁን ዘንበል ሳደርገውም ሳይገባ ተንከባለለ። ይህ የሆነው ጥጡ የራሱ የተፈጥሮ ሰም ስላለውና በሽመና ጊዜም ክሩ እንዳይበጠስ ማጠንከሪያ ስለሚቀባ ነው። በትኩስ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ አጥቤ ስሞክረው ጠብታው ጥቂት ቆይቶ ሰረገ፤ በአራተኛው እጥበት ግን ገና ሲነካው ጠፋ። ከዚያ በፊት መቁረጥ ተገቢ አይደለም፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር፣ አስቀድሞ የተቆረጠው አራት ማዕዘን ከታጠበ በኋላ ጎኖቹ እኩል አይሆኑም። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አቡጀዲ፣ የሚያጥረውን ታሳቢ አድርጎ 10 ሜትር መግዛት 24 ጨርቆች ለማውጣት ይበቃል።

አቡጀዲ ከታጠበ በኋላ ጥሩ ነው፤ አሮጌ ነጠላ ግን ይበልጠዋል። እናቴ ከሣጥኗ ያወጣቻቸው ሦስት ነጠላዎች ለዓመታት ከመታጠባቸው የተነሣ እንደ ፋሻ የሳሱ ነበሩ፤ ነጠላ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ውሃን ቶሎ ይስባል፣ ቶሎም ይለቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ የነጠላ ጨርቅ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ደርቆ አግኝቼዋለሁ። ጥንቃቄ የሚሻው ጥበቡ ነው፤ በተለይ ወርቅማና ብርማ ክር ያለበት ጥበብ የሕፃን ቆዳ ስለሚፍቅ፣ ጥለቱን እስከ መጨረሻው ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል። እናቴ የቆረጥነውን ጥለት አልጣለችውም፤ ጠቅልላ መልሳ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። ጋቢም ሞክሬያለሁ። አራት ድርብ በመሆኑ ለሌሊት ብዙ ይይዛል፤ ካልተፈታና ድርቦቹ ካልተለያዩ ግን የማድረቁ ችግር ከላይ ከተናገርኩት ብዙ አይሻልም።

ከሳልባጅ ልብሶች መካከል ያስደሰተኝ የጥጥ ቲሸርት ነው። ጨርቁ የተሸመነ ሳይሆን የተጠለፈ ዓይነት ስለሆነ ሲቆረጥ ዳሩ አይተረተርም፤ ስለዚህ መዘምዘም እንኳ አያስፈልገውም። የስፌት መኪና የሌላት እናት በመቀስ ብቻ ሥራዋን ልትጀምር የምትችለው በዚህ ነው። ፎጣ ደግሞ የሚይዘው ውሃ ብዙ ቢሆንም፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ስለሚገረጅፍ ከቆዳ ጋር በቀጥታ ባይገናኝ ይመረጣል፤ እኔ በጠባቡ ቆርጬ ለሌሊት በጨርቁ እጥፋት መሀል የማስገባው ነው። ለመኪናና ለመስታወት መጥረጊያ የሚሸጠውን ማይክሮፋይበር ግን በምንም መልኩ ከሕፃን ገላ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ እርጥበትን የሚስበው ከሽንቱ ብቻ ሳይሆን ከቆዳውም ጭምር ስለሆነ ያደርቀዋል።

ሳልባጅ ሲገዛ የጨርቁን ዓይነት የሚናገረው ጽሑፍ የተቀደደበት ወይም የማይነበብ ልብስ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ የወረቀት ሽታ ሰጥቶ፣ ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ግን ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። እንክብል ከሠራ ለሽንት ጨርቅነት አይሆንም።

አሁን መስፋት ወደሚገባው ወደ ሽፋኑ ልምጣ፤ ብዙ ያሰብኩበትም ብዙ የተማርኩበትም እዚህ ላይ ነውና። በዚህ ረገድ የቤት ስፌት ትልቅ ታሪክ አለው። ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1946 የመታጠቢያ ቤቷን መጋረጃ ቆርጣ በራሷ የስፌት መኪና ውሃ የማያሳልፍ የዳይፐር ሽፋን ሠራች፤ በኋላም ለፓራሹት የሚውለውን ናይለን ተጠቀመች፤ በመርፌ ቁልፍ ፋንታም ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ አደረገችበት። ሽፋኑ በ1949 በኒው ዮርክ ለሽያጭ ቀረበ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1951 አገኘች። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያለች እናትም በመሠረቱ የሚያስፈልጋት ያው አንድ ዓይነት ጨርቅ ነው፦ ቀላል፣ የሚታጠፍና በአንድ ጎኑ ውሃ እንዳያሳልፍ የተቀባ ናይለን።

እኔ ያገኘሁት ከሳልባጅ የዝናብ ጃኬት ነው። ጃኬቱን ከመግዛቴ በፊት አንዱን እጅጌ እንደ ከረጢት ይዤ ውሃ አፈሰስኩበትና ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ከታች ያልረጠበውን ብቻ ገዛሁ። ሻጩ ይህን እንድሠራ መፍቀዱን አመሰግናለሁ። ከአንድ የትልቅ ሰው ጃኬት ሁለት ሽፋን ይወጣል። ለናሙናነት የፋብሪካውን ዳይፐር ዘርግቼ በእርሳስ ዙሪያውን ካሰመርኩ በኋላ፣ የጨርቁ ዳይፐር ከፋብሪካው ስለሚወፍር በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ጨመርኩበት። ሲሰፋ ጨርቁን በስፒል ማያያዝ አይገባም፤ ስፒሉ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ሽንት ማውጫ ይሆናል። በስፒል ፋንታ የልብስ መቆንጠጫ ተጠቀምኩ። የመኪናውን እርምጃ ረዘም ማድረግ ቀዳዳዎቹን ይቀንሳል፤ ክሩም የጥጥ ሳይሆን ፖሊስተር መሆን አለበት፤ የጥጥ ክር እንደ ኩራዝ ክር እርጥበቱን ስቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። በእግር መሀል በሚያልፈው ክፍል ላይ ግን አንድም ስፌት እንዳይኖር አድርጎ መቁረጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ እግር ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሳይለጠጥ 14 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ወስጄ እስከ 22 ሳንቲ ሜትር እየሳብኩ ሰፋሁት፤ ለልጄ ጭን ይህ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ከተሰፋ በኋላ በላስቲኩና በጭኑ መሀል አንድ ጣት ያለ ችግር ካልገባ ጠብቋል ማለት ነው።

ከብርድ ልብስ ወይም ከሹራብ ጃኬት የሚገኘውን ፍሊስ የተባለ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በሁለት ድርብ ሰፍቼም ሽፋን ሠርቻለሁ። ለቆዳ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ አየር ያስተላልፋል፣ አይጮህም፣ አይሞቅም። ልጅቷ ተኝታ ወይም ስትድህ እምብዛም አያፈስም። ስትታዘል ግን ሌላ ነው። አንቀልባው ሲጠብቅና ክብደቷ ሁሉ መቀመጫዋ ላይ ሲያርፍ፣ ፍሊሱ ከላይ እርጥበቱን ሊያግደው አይችልም፤ እናቴ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ጀርባዋ ከትከሻዋ በታች እስከ ወገቧ እርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመታዘል የናይለኑን፣ ለቤት የፍሊሱን መድበናል። ተራውን የላስቲክ ወረቀት ሰፍቶ ማልበስ ግን ለሁለት ቀን ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ቆዳዋ ቀልቶ ሽፍታ ጀመራት።

ለመዝጊያነት ቬልክሮ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሲታጠብ ካልተዘጋ ግን የሌላውን ጨርቅ ክር እየመዘዘ ያበላሻል፣ ራሱም ጸጉር ሞልቶት መያዝ ያቅተዋል። ከአራት ወር በኋላ አውጥቼ በተራ ቁልፍ ቀየርኩት። ውስጡን ጨርቅ ለመያዝ መርፌ ቁልፍ የምትጠቀም እናት፣ ስትወጋ የራሷን ጣት በጨርቁና በሕፃኑ ገላ መሀል አስገብታ ይሁን።

አስተጣጠቡን በሚመለከት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መኖራችንን መርሳት አይቻልም። እኛ ያለንበት ኮንዶሚኒየም ውሃ በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱ ጀሪካን ይቆጠራል። የአንድ ቀን ተኩል ጨርቅ፣ ማለትም 12 ያህል ነጠላና አቡጀዲ፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ አጥቤ አለቅልቄ እጨርሳለሁ፤ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ወፍራሞቹን ለማጠብ ግን የሁለት ጀሪካን ውሃም አረፋቸውን አላጠራውም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በትኩስ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይገባል፤ ትኩስ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ይጋግራል። የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ክሩን በቅባት ስለሚሸፍነው ጨርቁ ውሃ መጠጣቱን ያቆማል፤ ቫዝሊንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ልጄን ቫዝሊን በምቀባበት ቀን ስስ የፍሊስ ቁራጭ በመሀል አደርጋለሁ። ጠዋት ላይ ጨርቁ ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ካለው፣ ሳሙናው ወይም ሽንቱ በደንብ አልወጣም ማለት ነውና እንደገና በትኩስ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ፀሐይ እድፍን ታነጣለች፤ ጀርምንም ትቀንሳለች። በክረምት ግን ፀሐይ በሌለበት ቤት ውስጥ ገመድ ወጥሬ ማታ የሰጣኋቸው የነጠላ ጨርቆች በማግስቱ ጠዋት ደርሰውልኛል፤ አቡጀዲው እስከ ከሰዓት ይቆይ ነበር። ቆላማና ሞቃታማ በሆነ አካባቢ ለምትኖር እናት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ በአፍሪካ ሞቃታማ አገሮች እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል፣ ትሏም ወደ ቆዳ የሚገባ ዝንብ ስላለች፣ ደጅ የተሰጣ የሽንት ጨርቅ ከነዳሩ በሁለቱም በኩል በትኩስ ካውያ መተኮስ አለበት።

የጨርቅ ዳይፐር ሁልጊዜ ለአካባቢ የተሻለ ነው የሚለው አነጋገር እንደ አስተጣጠቡ መታየት ይኖርበታል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያው ዳይፐር 550 ኪሎ ግራም፣ የጨርቁ ደግሞ 570 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣጠን ልቀት እንዳለው ገምቷል። ጨርቁ የሚበልጠው በገመድ ላይ ሲደርቅ፣ በአንድ ጊዜ በርከት ተደርጎ ሲታጠብና ለሚቀጥለው ልጅ ሲተላለፍ ነው። በእኛ ቤቶች በማሽን ማድረቅ ስለሌለ ሚዛኑ ወደ ጨርቁ እንደሚያደላ አምናለሁ።

ዋጋን በብር ባስቀምጥ በሚቀጥለው ወር ስሕተት ስለሚሆን በንጽጽር እናገራለሁ። 24 ጨርቆችና አራት ሽፋኖች ለመሥራት አቡጀዲ፣ ሁለት የዝናብ ጃኬት፣ አንድ የፍሊስ ብርድ ልብስ፣ ላስቲክ፣ ክርና ቁልፍ የገዛሁበት ገንዘብ፣ ቀድሞ በአንድ ወር ተኩል ለዳይፐር የምናወጣውን ያህል ነበር። ነጠላዎቹን እናቴ ሰጥታኛለች፤ የስፌት መኪናውንም ከጎረቤት ተውሻለሁ። ለልብስ ሰፊው የከፈልኩት ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱን እንደ ባከነ እቆጥረዋለሁ። ለጉዞና ለሐኪም ቤት ቀጠሮ አሁንም የፋብሪካውን ዳይፐር እንጠቀማለን፤ እነዚያ በወር ከአንድ ትንሽ እሽግ አይበልጡም።

ነገር ግን አንድ ወጪ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም፤ እሱም የሚያጥበው ሰው ጉልበት ነው። ይህን ሥራ በቤት ሠራተኛ ላይ ጨምሮ ደመወዟን ሳይጨምሩ «ቆጠብን» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። እኛ ቤት ማታ የሚያጥበው ባለቤቴ ነው፤ ጠዋት የምሰጣው እኔ ነኝ፤ በቀን ውስጥም በአማካይ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይወስድብናል። ሁለቱም ወላጆች ማልደው ወጥተው አምሽተው የሚገቡ ከሆነ፣ ቀን ላይ የፋብሪካውን፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ የጨርቁን መጠቀም ወጪውን በግማሽ ስለሚቀንስ እሱን እመርጣለሁ።

በሰባተኛው ወር መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ከ12ቱ የነጠላ ጨርቆች ሁለቱ መሀላቸው ስለተበሳ እጥፍ አድርጌ ደርቤ ሰፋኋቸው፤ የአቡጀዲዎቹ ግን አንዱም አልተቀደደም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ለስልሰዋል። የናይለን ሽፋኖቹ ቅባት በእግር መሀል መላጥ ስለጀመረ አንዱን ጥዬዋለሁ፤ የቀሩት የሦስቱ ላስቲክ ስለላላ ፈትቼ በአዲስ ቀይሬዋለሁ። አዲሱ ላስቲክ ሳይለጠጥ 16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የልጄ ጭን ወፍሯል።